የኮሮላ ራዲያተር ፋን አልነሳ አለ፣ ጣርማበር ዳገት ላይ ሙቀት ይወጣል

ባለ ኮሮላው፦
ሰላም ወገኖች። መኪናዬ የ1998 ሞዴል ኮሮላ ናት። ከሸዋ ሮቢት ስመለስ፣ ከደብረ ሲና ወደ ጣርማበር በከባድ መኪና ኋላ እየተጎተትኩ ስወጣ ጌጁ ወደ ቀይ ይሄዳል። ሜዳው ላይ ወጥቼ ፍጥነት ስጨምር ይወርዳል። ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥም ሞተር ሳላጠፋ ቆም ካልኩ ያው ነው። የሚያንጠባጥብ ነገር የለም። ፋኑ ግን ሲዞር አይቼው አላውቅም። አንድ መካኒክ ቴርሞስታቱን (ሞተሩ እስኪሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚሄደውን ውሃ የሚዘጋውን) አውጥተን እንጣለው፣ ፋኑንም ዳይሬክት (በቀጥታ ከባትሪ በማብሪያ የሚነሳ) እናድርገው አለኝ። ልቤ አልተቀበለውም። ምን ትላላችሁ?

ባለ ቴስተር፦
ስትሮጥ የሚወርድ፣ ስትቆም የሚወጣ ከሆነ ከፋኑ ጀምር። ስትሮጥ ነፋሱ ራሱ ራዲያተሩን ያቀዘቅዘዋል፣ ስትቆም ግን ያለ ፋኑ ነፋስ የለም። መጀመሪያ ፊውዙን እይ። ከዚያ የፋኑን ሶኬት ነቅለህ የፋኑን ሞተር በሁለት ሽቦ ከባትሪ በቀጥታ ሞክረው። ካልዞረ የፋኑ ሞተር ነው፣ ብዙ ጊዜ ውስጡ ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው ካርቦን አልቆ ነው። ከዞረ ወይ ሪሌው (ለፋኑ ኃይል የሚያቀብለው የኤሌክትሪክ ማብሪያ) ነው ወይ የሙቀት ስዊቹ። ሪሌውን እዚያው ሳጥን ውስጥ ካለ ተመሳሳይ ሪሌ ጋር ቀያይረህ ሞክር። ስዊቹ ደግሞ በዚያ ዘመን አብዛኞቹ ቶዮታዎች ላይ ሲቀዘቅዝ መስመሩን ያገናኛል፣ 93 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይቆርጠዋል፣ ፋኑ የሚነሳው ያኔ ነው። ስለዚህ ቁልፉን ኦን አድርገህ የስዊቹን ሶኬት ስትነቅል ፋኑ መነሳት አለበት። ከተነሳ የሞተው ስዊቹ ነው። እጅህን ከፋኑ አርቅ፣ ሳታስበው ይነሳል።

የጣርማበር መንገደኛ፦
ልክ ነው፣ ግን የራዲያተሩን ክዳንም እይ፣ ሰው ይረሳዋል። ደብረ ብርሃን 2800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች፣ ጣርማበር ከዚያም ይበልጣል። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። ፋኑ እኮ የሚነሳው ከዚያ በላይ ነው! ውሃው ቀድሞ እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ የያዘው ግፊት ነው፣ ጎማው ከደረቀ ወይ ስፕሪንጉ ከላላ ፋኑ ደህና ሆኖም ይፈላብሃል። ትኩስ እያለ ግን እንዳትከፍተው፣ ስንቱን ፊት አቃጥሏል። ቴርሞስታቱን በፍጹም አታስወጣ። በኛ ብርድ ሞተሩ ሳይሞቅ ይውላል፣ ቤንዚን ይበላል፣ ቶሎ ያረጃል። ውሃ ብቻም አትሙላ፣ ኩለንት (ውሃው በብርድ እንዳይረጋ የሚያደርግ ፈሳሽ) ቀላቅል፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ቀላል አይደለም።

የሸኖ ሾፌር፦
ዳይሬክት ምን ችግር አለው? እኔ ማብሪያ አስገጥሜ፣ ሙቀቱ ሲጨምር አበራዋለሁ።

ባለ ቴስተር፦
ወንድሜ፣ መንገድ ላይ ለቀረ ሰው ቤቱ እስኪደርስ እሺ። ለቋሚ ግን አንድ ቀን ዳገት ላይ ማብራቱን ብትረሳ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይጣመማል፣ ያኔ ወጪው ከአንድ ስዊች ጋር አይወዳደርም። ያለ ሪሌ በቀጭን ሽቦ ከተሠራ ደግሞ ሽቦው ግሎ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

ባለ ኮሮላው፦
ሞከርኩት። ከባትሪ ዞረ፣ የስዊቹን ሶኬት ስነቅልም ተነሳ። የክዳኑ ጎማም ተሰነጣጥቋል። እቃው እስኪገኝ ሶኬቱን ነቅዬ ብነዳስ?

ባለ ቴስተር፦
ክዳኑን ቀድመህ ቀይርና ንዳ፣ ፋኑ ሁሌ ይዞራል እንጂ ሌላ ችግር የለውም። ሞተር አጥፍተህ ቁልፉን ኦን ላይ አትተወው፣ ባትሪ ይጨርስብሃል። የሶኬቱን ጫፍ ውሃ እንዳይገባው ጠቅልለው። ስዊች ስትገዛ አሮጌውን ይዘህ ሂድ፣ ጥርሱም ሶኬቱም ይለያያል። ሲፈታ ኩለንት ስለሚፈስ ሞተሩ በደንብ ቀዝቅዞ ይሠራ፣ መልሰህ ስትሞላም አየሩ እስኪወጣ ጠብቅ።