«መንገድ ለዋጩ» አምላክ በአማርኛ ምን ይባላል?

ጠያቂ፣ ከደብረ ማርቆስ፦
ሰላም ወገኖች። የእህቴ ልጅ ዋርሃመር የሚባል ጨዋታ ለምዶ ቤቱን አምሶታል። እ.ኤ.አ. በ1983 እንግሊዝ አገር የወጣ ጨዋታ ነው። እዚያ ውስጥ ዚንች የሚባል የፈጠራ አምላክ አለ። ሥራው ለውጥ፣ አስማትና ሴራ። የማዕረግ ስሙ ቃል በቃል ሲመለስ «የመንገዶች ለዋጭ» ይሆናል። ልጁ ለጓደኞቹ በአማርኛ እንድጽፍለት ለመነኝ። «ለዋጭ» ስለው ሳቀብኝ። እውነቱን ነው፤ እኛ የምናውቀው በየበሩ እየጮኸ አሮጌ ልብስ በሳህን የሚቀይረውን ልዋጭ ነው። «መንገድ ገልባጭ» ብለው ደግሞ አሸዋ የጫነ መኪና ሆነ። «አጭበርባሪ» የገበያ ሌባ ነው። ምን ልበለው? ተከታዮቹንስ? «ደቀ መዛሙርት» ለማለት አፌ አልደፈረም።

መልስ፣ ከሞጣ፦
እስስት በለው፣ ተገላገል።

መልስ፣ ከቢቸና፦
እስስት አይሆንም ወንድማለም። እስስት መልኳን የምትለውጠው ለነፍሷ ነው። ይኼኛው ግን አንተ እንደነገርከን የሚለዋውጠው ሌላውን ነው። እኔ «መሠሪ» እላለሁ። ዛሬ መሠሪ ስንል ውስጥ ውስጡን የሚጎነጉን ሰው ማለታችን ነው። በግዕዝ ግን «መሠርይ» አስማተኛ ነው። «ሥራይ» ከሚለው ጋር አንድ ቤት ናቸው። ሥራይ መድኃኒትም ነው፣ መርዝም፣ አስማትም። አስማቱም ሴራውም ባንድ ቃል ገባልህ፤ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?

መልስ፣ ከባሕር ዳር፦
የቢቸናው መልስ ደርዝ አለው። ግን ጎጃም ተቀምጠን «አባይ»ን እንዴት እንዘላለን? አባይ ማለት ውሸታም ነው፤ እብለት ከሚለው ጋር ይዛመዳል። አባይ ጠንቋይ፣ አባይ ሚዛን እንላለን። ወንዙ «ዓባይ» ግን ከግዕዙ ነው፣ ታላቅ ማለት። በዓይኑ «ዓ» ሲጻፍ ታላቁ፣ በአልፋው «አ» ሲጻፍ ውሸታሙ። ጆሮ ግን አይለያቸውም። «ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» ሲባል ስለ ማን እንደተባለ ለይ እስቲ! የቅኔ ቤት ሰዎች እንዲህ ያለውን ቃል ኅብር ይሉታል፤ ሰሙም ወርቁም ባንዱ ቃል ላይ ያድራሉ። ለአታላይ አምላክ ከዚህ የተሻለ ስም ከየት ይመጣል?

መልስ፣ ከቢቸና፦
ያምራል፣ አልካድኩም። ግን ልጆቹ የሚያነቡት በስልክ ነው። በስልክ ማን «ዓ»ን ከ«አ» ለይቶ ይጽፋል? ወንዙን ያመለኩ ይመስላቸዋል።

መልስ፣ ከዳንግላ፦
ስለ ተከታዮቹ ማንም አልመለሰም። እኔ ጨዋታውን ትንሽ አውቀዋለሁ። «ሺህ ልጆች» የሚባል ጭፍራ አለው። አለቃቸው ማግነስ ልጆቹን ከሚለዋውጣቸው ደዌ ለማዳን ብሎ አንድ ዓይኑን ሰጠ። የዳኑለት መሰለው። በኋላ ደዌው ሲያገረሽ አህሪማን የሚባለው እኔ ላድናቸው ብሎ ድግምት ደገመ። አብዛኞቹ ጥሩራቸው ውስጥ እንዳሉ አቧራ ሆነው ቀሩ። እዩት እንግዲህ፣ ሁሉም ሴረኛው እኔ ነኝ ይላል፣ ጋላቢው ግን ሌላ ነው። ይኼን አማርኛ ድሮ ጨርሶታል። ዛር የሰፈረበትን ሰው ምን እንላለን? የዛር ፈረስ። ስለዚህ «ፈረሶቹ» በላቸው። ተከታይ እኮ ቢያንስ በራሱ እግር ይሄዳል።

ጠያቂ፣ ከደብረ ማርቆስ፦
እግዜር ይስጥልኝ። «መሠሪው» እና «ፈረሶቹ» ጸድቀዋል። አባይን ለራሴ አስቀርቻለሁ፣ አንድ ቀን ቅኔ እሞክርበታለሁ። ትናንት ማታ ልጁ አንዱን ፍጡር በስልክ ሲያሳየን እናቴ ጥጥ እየፈተለች ነበር። ሮዝ ጭራቅ ነው፤ ሲገድሉት ሁለት ሰማያዊ ይሆናል። እንዝርቷን ይዛ አየችውና «ይኼማ ሙጃ ነው፣ ሲያርሙት የሚበዛ» ብላ ወደ ፈትሏ ተመለሰች። ልጁ እዚያው «ሮዝ ሙጃ፣ ሰማያዊ ሙጃ» ብሎ ጻፈ። አሁን የቸገረን ሰማያዊው ሲሞት የሚወጡት እንደ እሳት የሚነዱ ትንንሾች ናቸው። ስም ያለው ይወርውር።