ብዙ ፈረስ የሚሮጥበት ውርርድ፦ የሚያስበላን አወራረዳችን ነው ወይስ ዋጋው?

አስተባባሪ፦
ሰላም ጀመዓ። ባለፈው ስለ ቤቲንግ ቤቶች ስናወራ ነገሩ ወደ ፈረስ ዞሮ ነበር። 20፣ 24፣ 34 ፈረስ ባንዴ የሚሮጥባቸው ትልልቅ ውድድሮች ማለቴ ነው። የዛሬው ክርክር ሁለት ጥያቄ አለው። ሰው እዚያ ላይ የሚበላው አወራረድ ስለማያውቅ ነው ወይስ ዋጋው ሲወጣ ጀምሮ እንዲበላ ተደርጎ ስለሚወጣ? ደግሞስ ድሬና ሐረር ላይ ይከልከል ወይስ ይቆይ? ስድብ የለም። የቤት ስምም አይጠራ።

የከዚራ ልጅ፦
እኔ ልጀምር። አቋሜን መጀመሪያ ልናገርና ከዚያ ተሟገቱኝ። አይከልከል። ግን ቤቱ ስንት እንደሚወስድ በግልጽ ሳይለጥፍ አንድም ቲኬት አይቁረጥ። ሰው ብዙ ፈረስ ላይ የሚሠራው ስህተት አብዛኛው የሚመጣው ሂሳቡን ማንም ስላላሳየው ነው።

ፈረስ ላይ የሚመጣው ኳስ የለመደ ልጅ ነው። ኳስ ላይ ተጠባቂው ቡድን ኦዱ (ካሸነፍክ ብርህ የሚባዛበት ቁጥር) 1.40 ወይ 1.60 ይሆናል፣ ብዙ ጊዜም ያሸንፋል። ያንኑ ዓይን ይዞ ግራንድ ናሽናል ላይ ይገባል። ለማያውቅ፣ ግራንድ ናሽናል እንግሊዝ አገር ሊቨርፑል አጠገብ ኤይንትሪ የሚባል ቦታ በየዓመቱ መጋቢት መጨረሻ ወይ ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ይሮጣል። ወደ 7 ኪሎ ሜትር ነው፣ 30 መሰናክል አለው። ድሮ እስከ 40 ፈረስ ይገባ ነበር፣ ለደህንነት ብለው ከ2024 ጀምሮ ወደ 34 አወረዱት (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። እዚያ ላይ አንደኛ ተጠባቂ የሚባለው ፈረስ ኦዱ 8 ወይ 9 ሊሆን ይችላል። 8 ማለት ዋጋ አውጪው ራሱ ከስምንት አንዴ ቢያሸንፍ ነው እያለህ ነው፣ ያውም ትርፉን ከጨመረበት በኋላ። ልጁ ግን ፌቨሪት ነው ብሎ የቤት ኪራዩን ይጥልበታል።

ኮራክ ራምብለርን እዩ። 2023 ላይ ተጠባቂ ሆኖ ገባ፣ አሸነፈም። በዓመቱ ተመልሶ ሲመጣ ብዙ ሰው አመነው። የመጀመሪያውን መሰናክል ዘሎ ሲያርፍ ተደናቀፈ፣ ጋላቢው ወደቀ፣ በቃ። ገና 29 መሰናክል ሲቀር የዚያ ሁሉ ሰው ብር አለቀ። በዓመቱ ደግሞ 2025 ላይ ያሸነፈው 33 ለ 1 የነበረው (1 ብር ብትቆርጥበት ብርህን መልሶ 33 ብር ትርፍ የሚሰጥህ) ኒክ ሮኬት ነው።

የባጃጁ፦
ተው አቦ የከዚራው፣ አንተ የምታወራው ስለ ባለ ብዙ ብር ነው። እኔ ቀኑን ሙሉ ከለገሃር ሳቢያን ስመላለስ ውዬ ማታ 20 ብር ብቆርጥ ማንን ጎዳሁ? ተጠባቂውንም አልነካውም። እኔ የምፈልገው ትልቅ ኦድ ነው፣ ሲወጣም አይተናል። አሜሪካ የሚሮጠው ኬንታኪ ደርቢ 2022 ላይ ሪች ስትራይክ 80 ለ 1 ነበር። ውድድሩ ሊደረግ አንድ ቀን ሲቀረው ሌላ ፈረስ ባይወጣ ኖሮ ጭራሽ አይገባም ነበር። በ20ኛው መነሻ በር (ከውስጥ ጠርዝ ሲቆጠር) ተነስቶ ሁሉንም ጥሏቸው ገባ። የአውስትራሊያው ሜልቦርን ካፕ 2015ም እንደዚያው፣ 24 ፈረስ ውስጥ ፕሪንስ ኦፍ ፔንዛንስ 100 ለ 1 ነበር። የጋለበችው ሚሼል ፔይን ናት፣ በውድድሩ ታሪክ ለማሸነፍ የመጀመሪያዋ ሴት። ፈረስ ሲበዛ ነው ለእንደኛ ዓይነቱ ሰው በር የሚከፈተው።

የሂሳብ መምህር፣ ሳቢያን፦
ወንድሜ የባጃጁ፣ የጠራሃቸው ሁለቱም እውነት ናቸው። ግን የተረሱትን ማን ይቁጠርልን? በዚያው ዓመት፣ በዚያው ሳምንት፣ 80 ለ 1 ተብለው ኋላ የቀሩትን ፈረሶች ስማቸውን የሚነግረኝ የለም።

ደብተር አውጡና አብረን እንሥራው። እንበል 20 ፈረስ አለ፣ የሁሉም ኦድ 15 ነው። እያንዳንዳቸው ላይ 10 ብር ቁረጥ። 200 ብር ወጣ። ከሃያው አንዱ የግድ ስለሚያሸንፍ አንዱ ቲኬትህ መውጣቱ አይቀርም። ይዘኸው ትሄዳለህ። 10 ሲባዛ በ15፣ 150 ብር ይቆጥሩልሃል። 50 ብሩ የት ገባ? ማንም አልሰረቀህም፣ የትኛውም ፈረስ አልከዳህም። ኦዱ 20 መሆን ሲገባው 15 ስለተባለ ብቻ ነው።

እውነተኛው ዝርዝር ላይ ኦዱ ከፈረስ ፈረስ ይለያያል፣ ዘዴው ግን አንድ ነው። 100ን ለእያንዳንዱ ኦድ አካፍል፣ ከዚያ ሁሉንም ደምር። ቤቱ ምንም ባይወስድ ድምሩ ልክ 100 ይመጣል። ከዚያ በላይ ያለው የቤቱ ነው። በኔ ምሳሌ 133 ይመጣል። ኳስ ላይ አሸነፈ፣ አቻ ወጣ፣ ተሸነፈ፣ ሦስት ብቻ ስለሆነ ብዙ ቢጨምሩ ዓይን ይገባል። 34 ፈረስ ላይ ግን ከእያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ሲቆነጠር ማን ቁጭ ብሎ ይደምራል?

ቁንጠራውም እኩል አይደለም። አሜሪካዊው ተመራማሪ ሪቻርድ ግሪፊዝ በ1949 ያሳየው፣ ከዚያም ሌሎች በብዙ አገር ደጋግመው ያዩት ነገር አለ። ሰው በጣም ትልቅ ኦድ ላይ ከሚገባው በላይ ይከፍላል። በረጅም ጊዜ ሲታይ 100 ለ 1 ላይ የጣልከው ብር ተጠባቂው ላይ ከጣልከው የበለጠ ነው የሚከስረው።

የባጃጁ፦
መምህር፣ ሂሳቡ ገብቶኛል። ግን እኔ 200 ብር አልቆርጥም እኮ። 20 ብር ነው።

የሂሳብ መምህር፣ ሳቢያን፦
በዚያው ምሳሌ ከ20 ብርህ 5 ብሩ ፈረሶቹ ሳይነሱ ሄዷል ማለት ነው። በየማታው እየሄደ ነው።

የመጋላ እናት፦
ልጆቼ፣ እናንተ ስለ እንግሊዝ ፈረስ ታወራላችሁ። እኔ ስለ ልጄ ላውራ። ሱሪውን ላጥብ ኪሱን ስገለብጥ የተጨማደደ ቲኬት ይወጣል፣ አንዳንዴ ውሃ ውስጥ ገብቶ ተጣብቆ። 17 ዓመቱ ነው። የሚሄድበት ቤት በሩ ላይ ከ21 ዓመት በታች ክልክል ነው የሚል ወረቀት አለ። ማንም መታወቂያ ጠይቆት አያውቅም። ስለ ፈረሶቹ ስጠይቀው ቁጥር 7 ሦስት ጊዜ ስለተሸነፈ አሁን ተራው ነው ይለኛል። በኛ ሃይማኖትም ሐራም ነው፣ በክርስቲያን ጎረቤቶቼም ዘንድ ነውር ነው። ለኔ ይዘጋ። ሌላ ቃል የለኝም።

ቲኬት ቆራጭ የነበርኩ፦
እናታችን፣ እርስዎ ያሉት የኛን ከተማ ዋናውን ነገር ነካው። ቤት ውስጥ ስክሪን ላይ በየጥቂት ደቂቃው የሚሮጡት ፈረሶች ቨርቹዋል ናቸው። የሉም። ኮምፒውተር ነው ውጤቱን በዕጣ የሚያወጣው፣ ሥዕሉ ከዚያ በኋላ ይከተላል። ቁጥር 7 ሦስት ጊዜም ተሸነፈ ሠላሳ ጊዜ፣ አራተኛው ላይ ምንም አይጨምርለትም። እኔ መስኮቱ ጋ ቁጭ ብዬ የማየው ልጆች ያለፉትን ውጤቶች በእስክሪብቶ ወረቀት ላይ እየጻፉ ሲያጠኑ ነበር። ልብ ይሰብራል። የእውነት ፈረስ ላይ ቢያንስ ጉልበት፣ ርቀት፣ የሜዳው ጭቃ የሚባል ነገር አለ። እዚህ የሚጠና ነገር የለም።

ግን ይዘጋ በሚለው አልስማማም። እኔ በዚያ ደመወዝ ነው እህቴን ያስተማርኩት። ቢዘጋም ልጁ ስልኩ ላይ ይቀጥላል፣ እዚያ ደግሞ እርስዎ ቲኬቱን እንኳ አያገኙትም።

የጀጎል ልጅ፣ ሐረር፦
እኔ ሁላችሁንም እቃወማለሁ። ቨርቹዋሉን ተዉት፣ እሱ ላይ ቆራጩ የተናገረው ልክ ነው። የእውነቱ ፈረስ ላይ ግን ማሸነፍ አይቻልም የሚለውን አልቀበልም። ቢል ቤንተር የሚባል አሜሪካዊ ሆንግ ኮንግ ተቀምጦ የፈረሶቹን መረጃ ኮምፒውተር ላይ እያስገባ ሚሊዮኖች ዶላር አግኝቷል። ዘዴውንም በ1994 በጽሑፍ አውጥቶታል። እዚያ ሁሉም ሰው ያወራረደው ብር አንድ ላይ ይጠራቀምና አዘጋጁ ድርሻውን ቆርጦ የቀረው ለአሸናፊዎቹ ይከፋፈላል። የምትጫወተው ከሌላው ሰው ጋር ነው። ሌላው ሳያነብ ከጣለ የሱ ብር ላንተ ነው።

የኛ ሰው አያነብም። ኬንታኪ ደርቢ ላይ ከ1ኛው በር ተነስቶ ያሸነፈ የመጨረሻው ፈረስ ፈርዲናንድ ነው፣ 1986 ላይ። ከዚያ እስከ 2025 ድረስ የደገመው የለም። 20 ፈረስ ባንዴ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ በውስጡ ጠርዝ 1ኛው በር ላይ ያለው ይጠበባል። ይሄን ሳያይ ስሙን ወድዶት፣ የጋላቢው ልብስ ቀለም አምሮት የሚቆርጥ ሰው ቤቱ በላኝ ማለት አይችልም።

የከዚራ ልጅ፦
የጀጎሉ ወንድሜ፣ ጥሩ ነጥብ ነው ያመጣኸው። በሩን ማየት፣ ርቀቱን ማየት፣ ፈረሱ ከዚያ በፊት እንደዚህ ብዙ ሆኖ ሮጦ ያውቃል ወይ ብሎ መጠየቅ ይጠቅማል። ግን ቤንተርን ለድሬ ልጅ ምሳሌ አታድርገው። ሆንግ ኮንግ ውስጥ አንድ ውድድር ላይ ቢበዛ 14 ፈረስ ነው የሚገባው፣ እነዚያው ፈረሶችም እዚያው ይመላለሳሉ፣ ስለዚህ መረጃው ይጠራቀማል። እሱ ዓመታት ፈጅቶ ነው ያንን የሠራው። ቀፊራ ቁጭ ብሎ በስልኩ አንድ የእንግሊዝ ውድድር በዓመት አንዴ የሚቆርጥ ሰው ምን አገናኘው?

ደግሞ የ1967ን ግራንድ ናሽናል ምን ትለዋለህ? 44 ፈረስ ነው የተነሳው። 23ኛው መሰናክል ላይ ጋላቢውን የጣለ አንድ ፈረስ አቋርጦ ገባባቸውና የፊተኞቹ ሁሉ ተዘባረቁ። ፎይናቮን በጣም ወደ ኋላ ቀርቶ ስለነበር ክፍተት አግኝቶ ዘለለና በ100 ለ 1 አሸነፈ። ያሸነፈው ወደ ኋላ ስለቀረ ነው። ይሄን የትኛው ንባብ ይነግርሃል?

አሁን ወደ ዋናው ብርበላ ልምጣ፣ ማንም አላነሳውም። ቅደም ተከተል መገመት። ኬንታኪ ደርቢ ላይ ከ1ኛ እስከ 4ኛ በተራ የሚገቡትን ገምት የሚል ውርርድ አለ። ሲወጣ የሚከፍለው ብር ያፈዛል። 20 ፈረስ ሲሆን ግን 20 ሲባዛ በ19 ሲባዛ በ18 ሲባዛ በ17 ነው፣ 116,280 ዓይነት አገባብ ማለት ነው። አራት ፈረስ መርጠህ በፈለጉት ተራ ይግቡ ካልክ 24 ቲኬት ገዛህ። አምስት ካደረግካቸው 120። ሰው አንድ ፈረስ ብቻ የጨመረ ይመስለዋል፣ ሂሳቡ አምስት እጥፍ ሄዷል። አዘጋጁም ከእንዲህ ዓይነቱ ላይ የሚቆርጠው ከተራው ውርርድ ይበልጣል፣ ቸርችል ዳውንስ ላይ 22 በመቶ ነው።

ሁለተኛው ኢች ዌይ የሚሉት ነው፣ ያሸንፋል ወይም ከፊተኞቹ ጋር ይገባል የሚለው። 10 ብር ስትል 20 ብር ነው የሚቆረጥብህ፣ ሁለት ውርርድ ስለሆነ። እንግሊዝ ውስጥ የተለመደው ደንብ 16 እና ከዚያ በላይ ፈረስ ሲኖር፣ ፈረሶቹ እንደ አቅማቸው የተለያየ ክብደት እየተጫነባቸው በሚሮጡበት ውድድር ላይ ለአራት ቦታ የኦዱን ሩብ መክፈል ነው። 8 ለ 1 የነበረው ፈረስህ 4ኛ ቢገባ የማሸነፉ 10 ብር ይቀልጣል፣ የቦታው 10 ብር 30 ሆኖ ይመለሳል። 20 አውጥተህ 30 አገኘህ። ጥሩ። ከዚያ አንዱ ቤት መጥቶ እኛ ስድስት ቦታ እንከፍላለን ይልሃል፣ ሰው ይጎርፋል። ብዙ ጊዜ ግን ሩቡ አንድ አምስተኛ ሆኖ ነው የሚመጣው። ያው ፈረስ 4ኛ ሲገባ 26 ብር ይሆናል። ይሄ ግድግዳ ላይ በትልቁ ተጽፎ ቢሆን ማንም አይጭበረበርም።

ቀድሞ መቁረጥም አለ። ወራት ቀድመህ ስትቆርጥ ኦዱ ይተልቃል፣ ግን ፈረሱ ታሞ ወይም ሳይመረጥ ቀርቶ ካልሮጠ በብዙ ቤት ብሩ አይመለስም። እዚህ ላይ የተበላ ሰው አውቃለሁ። ደንቡ ስልኩ ላይ ነበረ፣ በእንግሊዝኛ፣ ከታች።

የመጋላ እናት፦
የከዚራው ልጄ፣ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። የ21 ዓመቱም ወረቀት ተለጥፏል። ልጄ አልፎት ነው የሚገባው።

የከዚራ ልጅ፦
እናቴ፣ ልክ ነዎት። ወረቀት ብቻውን አይበቃም። ጥያቄዬን ላስተካክለው። በር ላይ መታወቂያ የማይጠይቅ ቤት ይዘጋ፣ በዚህ ላይ ከእርስዎ ጋር ነኝ፣ ያለ ምንም ግን። የቀሩት ደግሞ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ሦስት ነገር ይጻፉ፦ የኦዱ ድምር ከ100 ስንት እንደሚያልፍ፣ ስንት ቦታ በምን ያህል እንደሚከፍሉ፣ ቨርቹዋሉ ዕጣ መሆኑን። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ።

የጀጎል ልጅ፣ ሐረር፦
ዕጣ መሆኑ ይጻፍ የሚለውን እደግፋለሁ። ድምሩን ግን ሰው ራሱ ይደምር፣ ያን ያህል ከባድ አይደለም።

የባጃጁ፦
እኔ እስከ ዛሬ ደምሬ አላውቅም፣ ዘዴውን መምህሩ ሲናገሩ ነው የሰማሁት። ይለጠፍ።

የሂሳብ መምህር፣ ሳቢያን፦
ደብዳቤው ፈቃድ ለሚሰጠው መሥሪያ ቤት ይሁን፣ ግልባጩ ለከተማው አስተዳደር። የእናታችን የዕድሜ ጉዳይ አንደኛ ይጻፍ። የአማርኛውን ረቂቅ ዛሬ ማታ እዚህ እልካለሁ። ኦሮምኛውንና ሶማልኛውን ማን ይወስዳል?

ቲኬት ቆራጭ የነበርኩ፦
ሶማልኛውን እኔ። ቨርቹዋሉ እንዴት እንደሚሠራም አንድ አንቀጽ እጨምራለሁ።