የዕቅድ ውይይት፦ የዘንድሮው ጉዞ ወደ ኦልሜዳ

ሰብሳቢ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የማኅበራችን የዘንድሮው የአንድ ቀን ጉዞ ቶሌዶም ሴጎቪያም አይደለም። እነሱን እስኪሰለቸን አይተናል። የቀረበው ሐሳብ ኦልሜዳ ዴ ላስ ፉዌንቴስ ነው። ከማድሪድ በስተምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ነዋሪዎቿ ጥቂት መቶ የሆኑ የገጠር ከተማ ናት። ወደ ኢትዮጵያ የሄደው ካቶሊክ ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ በ1564 የተወለደው እዚያ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፣ በኋላ እንዳንጨቃጨቅ።) ለማዘጋጃ ቤቱ የምናስገባው አንድ ገጽ የጋራ ሐሳብ ያስፈልገናል። ሦስት ነገር ይኑረው፦ የእግር ጉብኝት፣ በስፓኒሽና በአማርኛ የሚታተም በራሪ ጽሑፍ፣ አደባባይ ላይ ቡና። እስከ እሑድ የምትሉትን በሉ።

ጸሐፊ፦
የበራሪ ጽሑፉን መጀመሪያ ሞክሬዋለሁ። «የአባይን ምንጭ ያገኘው ሰው የተወለደባት ከተማ።» ትያዛለች?

ጋሼ (የጎጃሙ)፦
አትያዝም። «አገኘ» ማለት ምን ማለት ነው ልጄ? ግሽ ዓባይ ጠፍቶ ነበር እንዴ? የሰከላ ሰው ከዚያ ውሃ ሲጠጣ፣ ሲጠመቅበት ነው የኖረው። አቡነ ዘርዐ ብሩክ መጻሕፍታቸውን ለውሃው አደራ ሰጥተው፣ ከእስር ሲፈቱ «ግሽ ዓባይ» ቢሉት ሳይረጥቡ መለሰላቸው ይባላል። ስሙም ከዚያ መጣ ይላሉ አባቶች። እንግዳ ሰው መጥቶ ቤትህን ቢያይ ቤትህን አገኘልህ አይባልም። «ያየው» በሉ።

ተማሪዋ፦
ጋሼ ልክ ነዎት፣ እንዲያውም ራሱ ፓኤዝ ከእርስዎ ጋር ነው። ሚያዝያ 21 ቀን 1618 ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሄዶ ቦታውን ሲያይ፣ ቂሮስና ልጁ ካምቢሲስ፣ ታላቁ እስክንድርና ዩልዮስ ቄሳር ሊያዩት የተመኙትን በማየቴ ደስ አለኝ ብሎ ነው የጻፈው። ማየት ነው ያለው። «እኔ ነኝ የመጀመሪያው» ብሎ የተሟገተው በ1770 የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ነው፤ ፓኤዝ ጭራሽ አልደረሰም እስከማለት ሄዷል። የፓኤዝ የኢትዮጵያ ታሪክ በፖርቱጋልኛ የተጻፈ ነው። በእጅ ጽሑፍ ቀርቶ የታተመው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። እናም መልስ የሚሰጥለት አልነበረም።

ጸሐፊ፦
እሺ፣ «ያየው»። በስፓኒሹም እንደዚያው አስተካክላለሁ።

የአልካላው አባል፦
እኔ ሌላ ቅሬታ አለኝ። ሁላችሁም ስለ ሰውየው ነው የምታወሩት። ሰውየው በልጅነቱ ወጥቶ ሄደ፣ ከተማዋ ግን እዚያው አለች። ለቅርብነቱ ብዬ ባለፈው ሳምንት ደርሼ መጣሁ። መንገዱ ሽቅብ ነው፣ እናቶች ጫማ ያስቡበት። ቤቶቹ ነጭ ኖራ የተቀቡ ናቸው። አንዱ ግድግዳ ላይ ተደግፌ ስልኬን ሳይ የጥቁር ጃኬቴ ክንድ ዱቄት መስሎ ቀረ። ገጠሩ ወደ ማድሪድ ሲፈልስ ባዶ ከቀሩት ቤቶች ገዝተው የገቡት ሠዓሊዎች ናቸው። ዛሬም የሠዓሊዎች መንደር ይሏታል።

ስሟም ራሱ ታሪክ ነው። ኦልሜዳ ማለት ኦልሞ የሚባለው ዛፍ የበዛበት ቦታ ነው። (በ1980ዎቹ የዛፍ በሽታ መጥቶ ስፔን ውስጥ ኦልሞ የሚባል ፈጅቷል።) «ላስ ፉዌንቴስ» ደግሞ ምንጮቹ ማለት ነው፣ ግን ይሄ የቅርብ ጊዜ ስም ነው። ፓኤዝ ሲወለድ «ኦልሜዳ ዴ ላ ሴቦያ» ነበረች። የሽንኩርቷ ኦልሜዳ!

እትዬ (የምግብ ኮሚቴ)፦
የሽንኩርት አገር ሰው ነው ለካ! ታዲያ ዶሮ ወጥ አገር ቢሄድ ምን ይገርማል።

የአልካላው አባል፦
እትዬ እንዲህ ካሉማ በራሪ ጽሑፉ በሽንኩርቱ ይጀምር፣ እኔ የምለውም እሱን ነው። ደግሞ ጎረቤቷን ኑዌቮ ባስታንን አንርሳ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ኹዋን ዴ ጎዬኔቼ የሚባል የናቫራ ባለሀብት ከባዶ ሜዳ ላይ ያሠራት የፋብሪካ ከተማ ናት። ንድፉ የሆሴ ዴ ቹሪጌራ ነው። ቤተ መንግሥቱና ቤተ ክርስቲያኑ ተያይዘው ቆመዋል። ጎዬኔቼ የመስታወት ፋብሪካ ከፍቶ፣ ለምድጃው የሚሆን እንጨት አልቆበት ከሰረ። ጨርቅ የሚሠራበት ፋብሪካውን ደግሞ ኦልሜዳ ውስጥም ተክሎ ነበር። ይሄ ለከተማዋ ከፓኤዝ የማይተናነስ ታሪክ ነው። ከሰዓት በኋላ እዚያ ብንጨርስ ጥሩ ነው።

ሰብሳቢ፦
ተቀብዬዋለሁ። ጠዋት ኦልሜዳ፣ ከምሳ በኋላ ኑዌቮ ባስታን።

አንድ ታላቅ አባል፦
እኔ እስካሁን ዝም ያልኩት አንብቤ ልጨርስ ብዬ ነው። ሰውየው ካቶሊክ ሚሲዮናዊ ነበር። ሱስንዮስን ሃይማኖት ያስቀየረው እሱ ነው። ከዚያ በኋላ በሃይማኖት ሳቢያ የፈሰሰው ደም በአገራችን አይረሳም። ማኅበራችን ጽዋ እያነሣ ሊያወድሰው ነው?

ተማሪዋ፦
አባባ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። ይሄን ብንዘለው ውሸት ይሆናል። ሁለት መስመር ይግባ ባይ ነኝ። ፓኤዝ ግንቦት 1622 ጎርጎራ ላይ ሞተ። ከሱ በኋላ የመጣው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴስ ሥርዓቱን ሁሉ በግድ ለመቀየር ሞከረ፣ አገር ታመሰ፣ በ1632 ሱስንዮስ የቀደመውን ሃይማኖት መለሱ፣ ልጃቸው ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን (የፓኤዝን ማኅበር ሚሲዮናውያን) አስወጡ። የኦልሜዳ ሰዎችም ይሄን ቢያውቁት ደስ ይለኛል። እነሱ ዘንድ ታሪኩ ምንጩ ጋ ነው የሚቆመው።

ታላቁ አባል፦
ሁለቱን መስመር እኔ እጽፋለሁ። እንዳታለሳልሱብኝ።

ገንዘብ ያዥ፦
ወደ ምድር እንውረድ። 200 ቅጂ፣ ባለ አንድ እጥፋት፣ በቀለም። ከዚህ በላይ ካዝናው አይችልም። እና ቡናው ለምን አስፈለገ? ሁልጊዜ ቡና።

ተማሪዋ፦
ለዚህ ጉዞማ ምክንያት አለው። ፓኤዝ በ1589 ሕንድ ካለችው ጎዋ ወደ ኢትዮጵያ ሲነሣ በዓረብ ባሕር ዳርቻ ተይዞ፣ በየመን በሐድራሞት በረሃ አድርገው ወደ ሰንዓ ወሰዱት። እስከ 1596 እስረኛ ነበር። ቡና የቀመሰው በዚያ መንገድ ላይ ነው፣ ስለ ቡና ከጻፉ የመጀመሪያዎቹ አውሮፓውያን አንዱም ያደርገዋል። ምጽዋ የገባው በ1603፣ አርመናዊ መስሎ ነው።

የአልካላው አባል፦
የኛው የአልካላ ሰው፣ ደራሲው ሰርቫንቴስም እኮ አልጀርስ ላይ 5 ዓመት ታስሯል። የዚያ ዘመን ሰው ሳይታሰር የቀረ ያለ አይመስልም።

ገንዘብ ያዥ፦
እሺ ቡናው ይግባ። ከሰል ግን አይሆንም። ሣሩ ደረቅ ከሆነ አደባባይ ላይ እሳት ማን ይፈቅድልናል?

እትዬ፦
ቡታጋዝ አመጣለሁ። ጀበናው ቅር ይለዋል እንጂ እኛ እንጠጣለን። ቀኑ ግን ጾም እንዳይሆን።

ሰብሳቢ፦
ሚያዝያ 21 በኛ ሚያዝያ 13 ነው። ለሱ የሚቀርበው፣ ከፋሲካ በኋላ ያለው ቅዳሜ ይሁን። ለማዘጋጃ ቤቱ የሚላከው መግቢያ እስካሁን እንዲህ ሆኗል፦

«በድሮ ስሟ የሽንኩርቷ ኦልሜዳ፣ ጨርቅ የተሠራባት፣ ሠዓሊዎች የገቡባት፣ የግሽ ዓባይን ምንጭ በ1618 ያየው ፔድሮ ፓኤዝ የተወለደባት ከተማ።»

ጋሼ (የጎጃሙ)፦
«ከንጉሡ ጋር ሄዶ ያየው» በሉ። መንገዱን ያሳየው አለ።

ጸሐፊ፦
ገብቷል።