በጉዞ መሃል እየጠፋ ስላስቸገረኝ ሞተር ሳይክል የቀረበ የእርዳታ ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ነዋሪነቴ ጅማ ሲሆን፣ እሁድ እሁድ በሞተር ሳይክሌ ከዋናው አስፋልት ወጥቼ ጸጥ ያሉ የገጠር መንገዶችን ማሰስ ከምንም በላይ እወዳለሁ። በተለይ በአሰንዳቦ በኩል ወደ ግልገል ግቤ ሰው ሠራሽ ሐይቅ የሚያወርዱት የጠጠር መንገዶች፣ ውኃው ወደ ማሳው ገባ ብሎ ጭቃማ ዳርቻ የሚሠራባቸው ቦታዎች ስላሉባቸው፣ ወፎቹን ለማየት ደጋግሜ እመለስባቸዋለሁ።

ሞተሩ ባለ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል ክፍል ያለው) 150 ሲሲ ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል ከተጓዝኩ በኋላ፣ ይበልጡንም ዳገት ላይ፣ ጉልበቱ ቀስ በቀስ ደክሞ ይጠፋል፤ 10 ደቂቃ ካረፈ ግን ምንም እንዳልሆነ ይነሣል። ካንዴላውን (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) ፈትቼ ሳየው ጫፉ ነጥቷል፤ ጥላሸት የለበትም፤ ይህም ቤንዚን እያነሰው መሆኑን ይጠቁመኛል። ካርቡሬተሩን ጋራዥ አሳጥቤ ለውጥ አላገኘሁም። ባለፈው እሁድ፣ መንደር በሌለበት ዳገት ላይ ቆሜ የሰልባትዮውን (የቤንዚን ታንኩን) ክዳን ስከፍት አየር ወደ ውስጥ ሲሳብ ሰማሁ፤ ሞተሩም ወዲያው ተነሣ። የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኖ ቤንዚኑ እንዳይወርድ አድርጎ ይሆናል ብዬ በቀጭን ሽቦ ብጠርገውም፣ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ጠፍቶብኛል።

ክዳኑን ልቀይር ወይስ አስቀድሜ የቤንዚን መክፈቻውን ማጣሪያና ሲሞቅ ሊደክም የሚችለውን ኮይል (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን) ላስፈትሽ? ሞተሩ በጠፋበት ቅጽበት የካርቡሬተሩን ማፍሰሻ ብሎን ላላ አድርጌ ቤንዚኑ በደንብ ከወረደ፣ ጥፋቱ የኤሌክትሪክ ነው ብዬ መደምደም እችላለሁን? ክረምቱ ገብቶ መንገዱ ሳይጨቀይ መፍትሔ ባገኝለት እጅግ ደስ ይለኛልና፣ ተመሳሳይ ችግር የገጠማችሁ ወንድሞችና እህቶች ያደረጋችሁትን እንድትነግሩኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።