የደረጃው ብረት ተነቅሏል፤ እማዬን ነገ እንዴት ላውርዳት?

የሦስተኛ ፎቅ ልጅ፦ እባካችሁ ቶሎ ድረሱልኝ። የደረጃችን መደገፊያ ብረት አሁን ከነቋሚው ተነቅሎ ወደ ውጭ ተንጋሏል። ኮንዶሚኒየም ነው፣ ሊፍት የለም። እማዬ 78 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ያለዚያ ብረት አንድ ደረጃ አትወርድም። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት የሐኪም ቀጠሮ አላት። ኮሚቴው ስብሰባ እስኪጠራ ጠብቂ አለኝ። ገመድ ልሰርበት ወይስ በጀርባዬ ልዘላት?

በያጁ፦ ገመድ እንዳታስሪ! ክብደት ሲያርፍበት ይረግባል። እሳቸው የማይነቃነቅ መስሏቸው ሲደገፉት ነው የሚወድቁት። ብረቱ የለቀቀው ከሥሩ ዝጎ ነው ወይስ ብየዳው ተላቆ?

የብሎክ ተጠሪ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ መብትሽን እወቂ። በኮንዶሚኒየም አዋጅ ቁጥር 370/1995 ደረጃው የጋራ ንብረት ነው፣ ጥገናውም የቤት ባለቤቶች ማኅበሩ ግዴታ ነው እንጂ የአንቺ የብቻ ወጪ አይደለም። ፎቶ አንሺ፣ ቀን ጽፈሽ ደብዳቤ አስገቢ፣ ቅጂው ላይ ተቀባዩ ይፈርምልሽ። ሕፃናትም የሚሮጡበት ደረጃ ነው፤ ስብሰባ የሚያስጠብቅ ጉዳይ አይደለም።

ጀሞ ነዋሪ፦ ግድግዳው ላይ ፊሸር (ብሎን የሚይዝ የፕላስቲክ መሰኪያ) አስገብተሽ አዲስ ቧንቧ እሰሪ። በአንድ ሰዓት ያልቃል።

የሦስተኛ ፎቅ ልጅ፦ ደብዳቤው ይቆይ፣ ነገ ነው የጨነቀኝ። ብረቱን ከሥሩ ዝገት በልቶታል፣ ሲሚንቶውም ተሰንጥቋል። ሌሎቹ ቋሚዎችም ይነቃነቃሉ።

ሲስተር፦ በጀርባ መሸከሙን ተዪው፤ አንቺ ብትንሸራተቺ ሁለታችሁም ናችሁ። የትኛው ጉልበታቸው ነው የሚያማቸው? አንዱ ብቻ ከሆነ በግድግዳው በኩል ይውረዱ፣ አንድ እጃቸው ግድግዳው ላይ፣ በሌላው ከዘራ። ሲወርዱ ከዘራውና የታመመው እግር ይቅደም፣ ጤነኛው ይከተል። ሲወጡ ግን ጤነኛው ነው የሚቀድመው። አንቺ ከእሳቸው አንድ ደረጃ ዝቅ ብለሽ ወደ እሳቸው ዞረሽ ቁሚ፤ ወገባቸው ላይ ሰፊ ቀበቶ ታስሮ እሱን ያዢ እንጂ ክንዳቸውን አትጎትቺ። በየማረፊያው አንድ ወንበር ይቀመጥ፣ ሳይቸኩሉ ይረፉ። ነጠላቸውን አጣፍተው ይልበሱ፣ የቀሚሱ ጫፍ ከቁርጭምጭሚት በላይ ይሁን። ጫማው ተረከዙ የተዘጋ ይሁን፤ በነጠላ ጫማ አይሆንም።

ሁለቱም ጉልበት ከሆነ ሁለት ጎረምሳ ጥሪ። ጠንካራ የእንጨት ወንበር ላይ ፊታቸውን ወደ ታች አድርገው ይቀመጡ፤ አንዱ ከላይ መደገፊያውን ወደ ኋላ አዘንብሎ፣ ሌላው ከታች የፊት እግሮቹን ይዞ ያውርዳቸው። የፕላስቲክ ወንበር እግሩ ይሰበራል፣ እንዳትሞክሪው።

ጀሞ ነዋሪ፦ ፊሸር ነው መፍትሔው፣ ብያለሁ።

በያጁ፦ ወንድሜ፣ ግድግዳው ብሎኬት ነው፣ ውስጡ ክፍት ነው። ፊሸር ልብስ ይሰቅላል እንጂ የሚወድቅ ሰው አይዝም። ሐሳቡ ግን ጥሩ ነው፤ ከኮንክሪት ኮለኑ (ምሰሶው) ላይ ይታሰር፣ ኮለን በሌለበት ቦልቱ ግድግዳውን አልፎ ከጀርባው በፕሌት (በጠፍጣፋ ብረት) ይጠበቅ። ቧንቧው እጅ የሚሞላ፣ 4 ሴንቲ ያህል፤ ከፍታው ከደረጃው 90 ሴንቲ፤ ከግድግዳው 5 ሴንቲ ይራቅ፣ ጣት እንዳይቀረቀር። ከመጨረሻው ደረጃም 30 ሴንቲ አልፎ ይሂድ። ሰው ያለቀ መስሎት የሚለቀው እዚያ ነው።

የተነቀለው ደግሞ፦ ደረጃው በባልዲ ውኃ ሲታጠብ ውኃው ሥሩ ላይ ይጠራቀማል፣ ዝገቱም ብረቱን አሳብጦ ሲሚንቶውን ይሰነጥቃል። እዚያው ጉድጓድ ውስጥ መልሶ መቅበር ትርፉ ድካም ነው። የበሰበሰው ተቆርጦ ይጣል፣ ሥሩ ላይ 10 በ10 ሴንቲ፣ 6 ሚሊ ውፍረት ያለው ፕሌት ይበየድ፣ ባልተሰነጠቀ ኮንክሪት ላይ በ4 ባለ 10 ሚሊ ኤክስፓንሽን ቦልት (ሲጠብቅ ጉድጓዱ ውስጥ የሚሰፋ ቦልት) ይታሰር። ቦልቱ ከደረጃው ጠርዝ ቢያንስ 8 ሴንቲ ይራቅ፣ ካልሆነ ሲጠብቅ ጠርዙን ይፈነክተዋል። ቦልቱን ከመምታታችሁ በፊት አቧራውን ከጉድጓዱ ንፉ። አንቲረስት (ፀረ ዝገት ቀለም) ሁለት ጊዜ ቀቡ። የሚነቃነቁትንም አብራችሁ አሠሩ።

ሰፈርተኛ፦ ይቅርታ እህቴ፣ ብረቱ ቢጠገንም 78 ዓመት እናት ሦስተኛ ፎቅ ላይ አይኖሩም። ቤቱን አከራዪና ምድር ቤት ተከራዪላቸው።

የእድር ጸሐፊ፦ እዚያው ብሎክ ወይም አጠገቡ ከተገኘ እሺ። ሌላ ሰፈር ከሆነ ግን ከቡና ጎረቤቶቻቸው፣ ከእድራቸውና ከደብራቸው ማራቅ ነው፤ ማን ጋ ብለው ይወጣሉ? ምድር ቤትም ሲባል ደጁ ይታይ። መክደኛ የሌለው የፍሳሽ ጉድጓድ፣ የበሩ ደፍ፣ ክረምት ላይ ጭቃው፣ እስከ ታክሲው ድረስ መቀመጫ መኖሩ። ከውስጡ ይልቅ ሰውን ቤት የሚያስቀረው ደጁ ነው።

ጀሞ ነዋሪ፦ እናታችን ወርደው ቡና ሳይጠጡ እንዳትመልሷቸው 😀

ሲስተር፦ የኮሪደሩ አምፖል ይሠራል? የደረጃው ጫፍ ለሽማግሌ ዓይን ከመሬቱ አይለይም፤ 5 ሴንቲ ስፋት ያለው ቢጫ ቀለም ጫፍ ጫፉን ቀቡ። ለነገ ግን ደረጃው ሳይታጠብ ይደር።

በያጁ፦ ዛሬ ማታ የተነቀለውን ወደ ውስጥ አንስታችሁ ከላይና ከታች በሞራሌ እንጨት ዝጉት፣ በጨለማ የሚደገፍ እንዳይኖር።

የእድር ጸሐፊ፦ የሦስተኛ ፎቅ ልጅ፣ የትኛው ብሎክ እንደሆነ አልነገርሽንም። ሲስተር ያለቻቸው ሁለት ጎረምሶች የሚመጡት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው።

ሲስተር፦ እህቴ፣ ወረዱ?