ጎዳና እንዳይወጡ የሚመደበው ገንዘብ ለእድር ይሰጥ ወይስ በወረዳ ይሂድ? (ክርክር)

ቀበና፦
በአዲስ አበባ ሰው ጎዳና እንዳይወጣ፣ የወጣውም እንዲመለስ የሚውል ገንዘብ፣ ከከተማው በጀትም ይምጣ ከለጋሽ፣ በቀጥታ ለሰፈር እድሮች ይሰጥ ወይስ እንደ እስከዛሬው በወረዳ በኩል ይሂድ? እኔ ለእድር ይሰጥ ባይ ነኝ። ኪራይ ያቃተውን፣ ግድግዳው የዘመመበትን ከወረዳው ቀድሞ የሚያውቀው እድርተኛው ነው። መዋጮ በየወሩ ይሰበስባል፣ የቀረውን ይቀጣል፣ ድንኳንና ብረት ድስት በቁጥር ያስረክባል። ለሞተ ሰው በአንድ ሌሊት ድንኳን የሚተክል ማኅበር በቁሙ ከቤት ለሚወጣው ለምን እጁን ያጣጥፋል?

ሒሳብ ሹሙ፦
ቀበና፣ ሐሳቡን አልጠላሁትም። ገንዘቡ ግን በየትኛው በር ይገባል? የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 እድርንና እቁብን አይመለከትም። የለጋሽ ገንዘብ ደግሞ የድርጅት የምዝገባ ምስክር ወረቀትና የኦዲት ሪፖርት ሳያይ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ የሚያስኬደው መንገድ የተመዘገበ ድርጅት ውሉን ፈርሞ፣ እድሩ በስምምነት ሰነድ ሥራውን ሲሠራ ነው። ድርጅቱም ቢሆን ከገቢው ከ20 በመቶ በላይ ለአስተዳደር ወጪ ማዋል አይችልም፤ በድርድሩ ላይ ይህን አስቀድማችሁ አንሡ፣ አለዚያ የእድሩ ጸሐፊ የወረቀትና የትራንስፖርት ወጪ ከኪሱ ይሆናል።

ሁለተኛው ነገር የባንክ ሒሳቡ ነው። የቀብሩና የቤቱ ገንዘብ አንድ ላይ ከተቀመጠ፣ በአንድ ወር ሦስት ሰው ሲሞት የኪራይ ማካካሻው ለንፍሮና ለድንኳን ይውላል። ማንም ሰርቆ አይደለም፤ መተዳደሪያ ደንቡ ቀብርን ስለሚያስቀድም ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ጠቅላላ ጉባኤ ተጠርቶ ደንቡ ይሻሻላል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ በዚያ ቃለ ጉባኤ የተለየ ሒሳብ በእድሩ ስም ይከፈታል፣ ፈራሚዎቹ ሦስት ሆነው ከሦስቱ አንዱ ከሥራ አስፈጻሚው ውጭ ይሆናል።

ደባል፦
ሁላችሁም እድር ውስጥ ያለውን ሰው ነው የምታስቡት። ጎዳና ለመውጣት የቀረበው ሰው እኮ እድር የለውም! አዲስ አባል የሚጠየቀው የመግቢያ ክፍያ እድሩ እስከዛሬ ካፈራው ንብረት ድርሻ ታስቦ ነው። በየስምንት ወሩ ቤት የሚቀይር ተከራይ ያንን ከፍሎ አይገባም። መርካቶ ቆጥ ላይ በአዳር እየከፈለ የሚተኛ ተሸካሚ፣ ደላላ ያመጣት የቤት ሠራተኛ፣ በቀበሌ ቤት ጓዳ ውስጥ በሰነድ ሳይመዘገብ በደባልነት የሚኖር፣ እነዚህ በማንኛውም እድር መዝገብ ላይ የሉም። ሰፈሩ ለልማት ሲነሣ ውል ያለው ምትክ ይጠይቃል፤ ስሙ ያልተጻፈው ፍራሹን ተሸክሞ ይሄዳል። ገንዘቡን ለእድር ከሰጣችሁ የምትረዱት በአንጻሩ ደህና የሆነውን ነው።

ቀበና፦
ይኼ እውነት ነው፤ ግን ወረዳውስ ደባልን በየት መዝገብ ላይ ያገኘዋል? ሁለቱም ካላዩት ቢያንስ ጎረቤቱ የሆነው ይሻላል።

ጉልላት፦
እኔ ስለ ቤት እድሳቱ ልናገር፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚያ ነው። አሮጌ የጭቃ ቤት ከላይ አይደለም የሚሞተው፣ ከእግሩ ነው። ቋሚው እንጨት አፈር በሚነካበት ቦታ ይበሰብሳል፣ ግድግዳው ይዘማል፣ ክዳኑ ይከተላል። ሰዎች ግን መጥተው ቀለም ይቀባሉ፣ ቆርቆሮ ይቀይራሉ፣ ፎቶ ይነሣሉ። በሁለተኛው ክረምት ያው ቤት አዲሱን ቆርቆሮ እንደለበሰ ይተኛል።

ትክክለኛው አሠራር ይኼ ነው። ክዳኑ በድጋፍ ይያዛል፣ የበሰበሰው የቋሚ እግር ይቆረጣል፣ ከመሬት ከ40 እስከ 50 ሳ.ሜ ከፍ ያለ የድንጋይ መሠረት ይገባለታል። አዲስ የሚተከል ባህር ዛፍ ካለ መሬት የሚገባው ክፍል የተቃጠለ ዘይት ይጠጣል። ጭቃው ከጭድ ጋር ተረግጦ፣ ተሸፍኖ፣ በየቀኑ እየተገለበጠ ቢያንስ አምስት ቀን ይቦካል፤ ያልቦካ ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ምርጊቱ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ልስን ከተለበጠበት ልስኑ ከነቅርፊቱ ይወርዳል።

ለ4 በ5 ሜትር ክፍል፣ በአንድ ወገን ክዳን፣ በየጎኑ ግማሽ ሜትር እየወጣ፣ 90 ሳ.ሜ በ2 ሜትር የሆነ ቆርቆሮ 24 ይበቃል። ከጎን አንድ ከግማሽ ሞገድ፣ ከላይ ወደ ታች 20 ሳ.ሜ ይደራረብ። ሚስማሩ ከነጎማው በሞገዱ ጀርባ ላይ ይመታ፣ ሸለቆው ላይ አይመታ። ሸለቆው ላይ የተመታ ሚስማር በመጀመሪያው ዝናብ ያፈስና ወራጁን ያበሰብሳል። በቅርብ የታደሱ ቤቶችን ቀና ብላችሁ ተመልከቱ፤ ግማሹ ሸለቆው ላይ ነው የተመታው።

አሁን ወደ ክርክሩ። እድር ይሻላል የምለው ወረዳ ስለሚሰርቅ አይደለም፣ በጊዜው ምክንያት ነው። በጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው፣ የበጎ ፈቃድ እድሳቱም የክረምት ዘመቻ ነው። በሐምሌ ጭቃ ማን ያደርቅልሃል? የጭቃ ቤት ከጥቅምት እስከ ጥር ይሠራል። እድር ገንዘቡ በእጁ ካለ በጥቅምት ይጀምራል።

ሒሳብ ሹሙ፦
ጉልላት፣ አንድ ነገር ዘለልክ። ቤቱ የቀበሌ ከሆነ፣ በአዋጅ 47/67 የተወረሰ የመንግሥት ቤት ነውና፣ ያለ ወረዳው ፈቃድ እድሩ ሚስማር አይመታም። ፈቃዱ ሲጠየቅ የነባሩ ቤት ልኬት በንድፍ ተያይዞ ይቅረብ። ሲጠናቀቅ አንድ ክንድ ወደ ውጭ ከወጣ የተረፈው ይፈርሳል።

ጉልላት፦
አልዘለልኩም፣ ገና አልደረስኩበትም ነበር። ልክ ነህ።

መሸኛ፦
ለድሃ የከተማ ቤተሰቦች ድጋፍ የሚሰጠው የመንግሥት ፕሮግራም፣ የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት፣ በ2009 በ11 ከተሞች ሲጀመር በጎዳና ላሉ ሰዎችም የተለየ ድጋፍ ነበረው። ለቤተሰቦች የሚሆነው ክፍያ በሰፈር ነዋሪነት ምዝገባ ላይ የቆመ ነው። በጎዳና ያለ ሰው ደግሞ ነዋሪነት የለውም። መታወቂያ ሲጠይቅ ከመጣበት ቀበሌ መሸኛ አምጣ ይባላል፣ መሸኛ ለማምጣት የመኪና ገንዘብ የለውም፣ ቢያመጣም የቤት ቁጥር የለውም። ሥራ ቢያገኝ እንኳ የባንክ ደብተር ያለ መታወቂያ አይከፈትም። ስለዚህ ለዚህ ሰው የመጀመሪያው ብር ለፍራሽ ሳይሆን ለወረቀት ይውላል፤ በአዋጅ 1284/2015 የመጣው የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ ሰነድ ለሌለው ሰው ምስክር ስለሚቀበል በሩ እዚያ ነው። ምስክር የሚሆነውን ማነው የሚያቀርበው? የእድር ዳኛ ቢሆን እሰየው፤ ግን ለማያውቀው ልጅ አይፈርምም።

ሌላው ልጆችን ወደ ቤተሰብ መመለስ ነው። የአውቶቡስ ትኬት ገዝቶ መሸኘት ገንዘብ መበተን ነው፤ በሳምንቱ ተመልሶ አውቶቡስ ተራ ታገኘዋለህ። መጀመሪያ በስልክ ቤተሰቡ ይፈለጋል፣ የወጣበት ምክንያት ይጣራል (ዱላ ከሆነ ለአክስት ወይም ለአያት)፣ ከሚቀበለው ወረዳ ማኅበራዊ ጉዳይ ጋር በጽሑፍ ርክክብ ይደረጋል፣ ሠራተኛ አብሮት ይጓዛል፣ ደብተርና ዩኒፎርም ይገዛለታል፤ ጉዞው ከመስከረም ምዝገባ በፊት ካልሆነ ዓመቱን ሙሉ ያለ ትምህርት ይቀመጥና ይወጣል። በአንደኛው፣ በሦስተኛውና በስድስተኛው ወር ይደወላል። እድር ይህን አይችልም፣ ወረዳም በዘመቻ አፍሶ ከመጫን በቀር ብዙም አላደረገውም። ይህ የባለሙያ ሥራ ነው።

ደባል፦
«አፍሶ መጫን» ያልከው ቃል ላይ አስምሩበት። እንግዳ ሊመጣ ሲል መንገዱ ይጸዳል፣ ሰዎቹ ግን ያው ናቸው።

ቀበና፦
እሺ፣ አቋሜን ላጥብብ። የጎዳናውን ድርሻ ለባለሙያ እተዋለሁ። የኪራይ ውዝፍና የቤት እድሳት ግን ለእድር፣ አባል ያልሆነ ጎረቤትም እንዲካተት በደንቡ ተጽፎ።

ሒሳብ ሹሙ፦
ውዝፍ ኪራዩ ላይ እንግዲህ ተጠንቀቁ። አከራይና ተከራይ ተስማምተው የሌለ ዕዳ ይጽፋሉ። መከላከያው አዋጅ 1320/2016 ውስጥ አለ፦ የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። ያልተከፈለው ወር ከባንክ መግለጫው ይታያል። እድሩ የሚከፍለው በቀጥታ ለአከራዩ ሒሳብ ይሁን፣ ቢበዛ ለሁለት ወር። ኪራዩ 6,000 ብር ከሆነ 12,000 ብር መሆኑ ነው። በምላሹ አከራዩ የቀረውን የውል ዘመን እንዲያከብር ይፈርማል፤ ሕጉ የሰጠው ዝቅተኛ ዘመን ሁለት ዓመት ነው።

ደባል፦
ያልተመዘገበ ውል ያለውስ? አብዛኛው ድሃ ውሉ በቃል ነው።

ሒሳብ ሹሙ፦
መጀመሪያ ውሉን አስመዝግቦ ነው የሚከፈለው። አከራዩ ግብር ፈርቶ እምቢ ሊል ይችላል፤ ተከፍሎት የማያውቀውን የሁለት ወር ውዝፍ በአንድ ቀን እንደሚያገኝ ሲነገረው ብዙው ይመጣል። የማይመጣው ላይ ቀዳዳ አለ፣ አልክድም።

መሸኛ፦
አንድ ሰው ሁለት ሦስት እድር ይገባል፣ ከሁሉም ይወስዳል። ዝርዝሩን በወረዳ ደረጃ ማን ይይዛል?

ቀበና፦
የእድሮቹ ኅብረት፣ በፋይዳ ቁጥር።

ደባል፦
ፋይዳ የሌለውስ?

መሸኛ፦
እሱን እኮ ነው ከላይ የጻፍኩት። ዳኛው ይፈርም።