ክርክር፦ ዩኒቨርሲቲ ልጆቻችንን ያኑርልን፣ ያብላልን ወይስ ገንዘቡን በእጃቸው ይስጥ?

የደሴዋ እናት፦

ወላጆች፣ ምክራችሁን ፈልጌ ነው። የመጀመሪያ ልጄ አዲስ አበባ ካሉት ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ ልትገባ ነው። ወሬው የተሰማ ዕለት ጎረቤት ተሰብስቦ ቡና ተፈላ፣ እልል ተባለ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ልጄ ከእኔ ተለይታ አንድ ሳምንት እንኳ አድራ አታውቅም።

ቤታችን በሦስት ተከፍሏል። ባለቤቴ ‹‹ዶርም ትግባ፣ ካፌ ትብላ፤ ከሰው ልጅ በምን ትበልጣለች?›› ይላል። እህቴ ‹‹የካፌ ምግብ የሚያተርፍላት ጨጓራ ነው፤ ክፍል ተከራይታ ነን ካፌ ትሁን፣ ከግቢው ካፌ ውጭ ትብላ›› ትላለች። ኮተቤ የሚኖረው የባለቤቴ ወንድም ደግሞ ‹‹እኔ በሕይወት እያለሁ የወንድሜ ልጅ ሰው ቤት?›› ብሎ ተቆጥቷል። እኔ የምተዳደረው በልብስ ስፌት ነው፤ ወር በወር ቆርጬ ልልክላት የምችለው 5,000 ብር ነው።

ከቤታችን ያለፈ ጥያቄም አለኝ። ‹‹የዩኒቨርሲቲ ሥራ ማስተማር እንጂ ወጥ መሥራት አይደለም፤ የምግቡን ገንዘብ ለተማሪው ሰጥቶ ከኩሽና ይውጣ›› የሚሉ ሰዎች እሰማለሁ። እናንተስ ምን ትላላችሁ? የራሳችሁን ልጅ አስባችሁ መልሱልኝ።

የሐዋሳው አባት፦

እንኳን ደስ ያለዎት፣ እህቴ። ሦስት ልጆች ለዩኒቨርሲቲ አብቅቻለሁ፤ ሁለቱ ተመርቀዋል፣ ሦስተኛዋ ገና ናት። ሦስቱም የዶርምና የካፌ ልጆች ናቸው።

‹‹ገንዘቡ በእጅ ይሰጥ›› የሚሉ ሰዎች ሒሳቡን የሠሩት አይመስለኝም። ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ የሚያዘው ለረጅም ጊዜ 15 ብር ነበር፤ ቆይቶ 22 ብር ሆነ፤ በ2017 ዓ.ም. ወደ 100 ብር አደገ። እሺ፣ 100 ብሩን በእጇ ስጧት። በወር 3,000 ብር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሽሮ በስንት ይበላል? 100 ብሩ ምሳዋን ከሸፈነ ተመስገን ነው፤ ቁርሱና እራቱስ? በዩኒቨርሲቲው ኩሽና ግን ያው 100 ብር ሦስት ጊዜ ያበላል። ጤፉ በጅምላ ይገዛል፣ ወጡ በአንድ ጊዜ ለሺህ ሰው ይሠራል፣ ትርፍ የሚጠብቅ ባለቤት የለውም።

ሌላም አለ። ገንዘቡ በእጅ ከተሰጠ በኋላ ገበያው ሲንር ጭማሪውን የሚሸከመው ማን ነው? ልጅቱ ናት። 22 ብር የነበረበትን ጊዜ አስታውሱ፤ በወር 660 ብር ይዞ ከተማ መሃል መቆም ማለት ነበር። ባለቤትዎ ልክ ናቸው።

ኮልፌ የምኖር እናት፦

ልጄ የተማረው ክፍለ ሀገር ነው፤ የግቢውን ስም አልጠራም። ሁለተኛ ዓመት ሳለ ልጠይቀው ሄጄ ምሳ ሰዓት ላይ ደረስኩ። ካርዱን ይዞ ተሰልፏል፤ ሰልፉ የሕንፃውን ጥግ ዞሮ ፀሐይ ላይ ወጥቷል። ትሪውን ይዞልኝ መጣ። እንጀራው ጠርዙ ደርቆ ወደ ላይ ተጠቅልሏል፤ የምስር ወጡ ውሃው ለብቻው፣ ምስሩ ለብቻው ነው። አለቀስኩ። ልጄ ያፈረው ግን በወጡ ሳይሆን ጓደኞቹ ፊት በማልቀሴ ነበር። እሱ ለምዶታል። በዚያው ዓመት ሁለት ጊዜ ታይፎይድ ታመመ።

ወንድሜ፣ ሒሳብዎ ትክክል ነው። ነገር ግን ምግቡ ነፃ ነው ያለው ማን ነው? ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የወጪ መጋራት ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ይከፍላል። ሲመረቅ ዕዳ ሆኖ ይጠብቀዋል። ልጄ የዚያን ምስር ዋጋ ዛሬ ከደመወዙ እየከፈለ ነው። የሚከፍል ሰው የመምረጥ መብት አለው። ለዚህ ነው ገንዘቡ በእጅ ይሰጥ የምለው፤ ኩሽናውም ደንበኛ ሊያጣ እንደሚችል ሲያውቅ ያኔ ወጡን ያወፍራል።

የሐዋሳው አባት፦

እህቴ፣ ዕንባዎ ገብቶኛል። ነገር ግን ከካፌው የሚወጣው ማን እንደሆነ ያስቡ። ነን ካፌ መሆን የሚችለው ከቤቱ ድጎማ የሚላክለት ልጅ ነው። የሚቆጣው፣ ስልክ የሚደውለው፣ እንደ እርስዎ ግቢ ድረስ የሚሄደው ወላጅ ልጁን ይዞ ከወጣ በኋላ ሰልፉ ላይ የሚቀረው የገበሬው ልጅ ነው፤ አባቱ የዩኒቨርሲቲውን በር አይቶ አያውቅም። ከዚያ በኋላ ወጡ ቢቀጥን ማን ይናገርለታል?

የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፣ ሴት፦

እናቴ፣ እኔ ሁለቱንም ኖሬባቸዋለሁና እንደ ልጅዎ ቆጥረው ይስሙኝ። አንደኛ ዓመት ዶርምና ካፌ ነበርኩ። ሁለተኛ ዓመት ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሽሮ ሜዳ አካባቢ አንዲት ሰርቪስ ክፍል ተከራየን። ኪራዩ 7,500 ብር ስለነበር ለእያንዳንዳችን 2,500 ብር ደረሰን። በወረቀት ላይ ያምራል።

መጀመሪያ ደላላው የድርሻውን ወሰደ። ፍራሽ፣ ጀሪካን፣ ባልዲ ገዛን። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን፣ እሱም ሌሊት ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ተራ ገብተን እየተነሳን እንቀዳለን። የኤሌክትሪክ ምድጃ ይዘን ነበር፤ አከራይዋ ‹‹ቆጣሪዬን ጨረሳችሁት›› ብለው ከለከሉን። የግቢው በር ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ይቆለፋል። የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ግን በጣም የሚያስፈልገኝ ልክ ከዚያ ሰዓት በኋላ ነው። ጓደኞቼ ዶርም ውስጥ በቡድን ሲያጠኑ እኔ ታክሲ እጠብቃለሁ። በዚያ ሴሚስተር ውጤቴ ወረደ፤ ምክንያቱ ሌላ አልነበረም።

ለምግቡ አንዲት ምግብ ቤት ኮንትራት ገባን፤ በወር አንዴ ከፍሎ ምሳና እራት መብላት ማለት ነው። ሴትየዋ ደብተር አላቸው፤ ስማችን በረድፍ ተጽፎ፣ በበላን ቁጥር አንድ ጭረት ይጨምራሉ። ጥሩ ሰው ናቸው፣ እጃቸውም ይጣፍጣል። ነገር ግን ዘይት በተወደደ ጊዜ ዋጋ አልጨመሩብንም፤ ሁለት የነበረው እንጀራ አንድ ተኩል ሆነ። ማንም ምንም አልተናገረም። እኛም አፍረን ዝም አልን፣ እሳቸውም አቀርቅረው ያቀርባሉ። ለማን አቤት ይባላል? ካፌ ቢሆን ቢያንስ የተማሪዎች ኅብረት አለ።

ክረምት ቤተሰብ ጋር ስንሄድ ደግሞ ክፍሉን ላለማጣት ባዶውን ሁለት ወር ከፈልን።

አሁን ወደ ዶርም ተመልሻለሁ። ካፌ ግን አልተመለስኩም፤ ምሳዬን ያችው ሴትዮ ጋር እበላለሁ፣ ቁርሴ በሶ ነው። እዚህ የሚከራከሩ ትልልቆች ሁሉ ጣራውንና ሳህኑን አንድ ላይ ያነሣሉ። ለየብቻ ናቸው። ጣራውን ዩኒቨርሲቲው ይያዝልን፤ ለሴት ልጅ በተለይ ምትክ የለውም። ሳህኑን ግን ለእኛ ይተዉልን።

ኮልፌ የምኖር እናት፦

ልጄ፣ ስለ ኪራዩ የጻፍሽውን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔም ሰርቪስ አከራያለሁ፤ እውነቱን ልናገር። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ፣ ቁጥር 1320/2016፣ ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል፤ ለተከራይ ጥሩ ነው። ነገር ግን ተማሪ በሐምሌ የሚሄድ ሰው ነው፤ ሁለት ዓመት አስሮ መቀመጥ አይፈልግም። እኔም ክፍሌን ልጅ ለያዘ ቤተሰብ ነው የምሰጠው። ተማሪ ሲመጣ ‹‹ተይዟል›› ብዬ የመለስኩበት ቀን አለ። ስለዚህ በምግቡ ላይ እንደ ጸናሁ ነኝ፤ በመኝታው ላይ ግን ልጅቱ አሸንፋኛለች። ገንዘብ ሰጥቶ ‹‹ቤት ፈልጉ›› ማለት ለእኔ ዓይነት አከራይ አሳልፎ መስጠት ነው።

ነርስ፣ ከአዳማ፦

ሁላችሁም የረሳችሁትን፣ የዘመድ ቤቱን ላንሣ። እኔ አዲስ አበባ የተማርኩት አጎቴ ቤት ሆኜ ነው። አጎቴም ሚስቱም ደግ ናቸው፤ ማንም ክፉ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። ነገር ግን የፊዚዮሎጂ ፈተና ዋዜማ ቤት ውስጥ የክርስትና ድግስ ነበር። ሴቶቹ ሁሉ ጓዳ ናቸው፤ አንድ ዘንቢል ሽንኩርት መሃላቸው ተቀምጧል። ማንም ‹‹ነይ›› አላለኝም። ደብተሬን ይዤ በዚያ ዘንቢል አጠገብ ማለፍ ግን አልቻልኩም። እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ላጥኩ።

ምግቡም እንዲሁ ነው። ሞሰቡ ሙሉ ነው፤ እኔ ግን ጠግቤ የተነሣሁበትን ቀን አላስታውስም። ‹‹ብዪ እንጂ›› ሲሉኝ ‹‹ጠገብኩ›› እላለሁ። ይሉኝታ ነው። የእንግዳ ልጅ በሁለተኛ ጉርሻ ላይ እጇን ትሰበስባለች፤ እናቷ እንደዚያ አድርጋ አሳድጋታለች። እህቴ፣ የእርስዎም ልጅ እንደዚያው እንደምትሆን አልጠራጠርም። አጎቷን ግን አያስቀይሙት፤ እሑድ እሑድ ምሳ ትሂድለት። በሳምንት አንድ ቀን የሚጠበቅ እንግዳና በየቀኑ የሚያድር እንግዳ አንድ አይደሉም።

ጡረታ የወጣሁ መምህር፦

ይህ ክርክር አዲስ አይደለም። በ1950ዎቹ አጋማሽ በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ አዳሪነት እንዲቀር ሲደረግ ተማሪዎቹ ተቃውመው ነበር፤ ነገሩ ከአልጋና ከእንጀራ በላይ ነበርና። ከጎጃም፣ ከሐረር፣ ከትግራይ፣ ከወለጋ የመጡ ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ አድረው የሚነጋገሩበት ቦታ ነው የሚዘጋው። እኔ ራሴ ከአንድ የጅማና ከአንድ የአክሱም ልጅ ጋር ዶርም ተጋርቼ ነው የተማርኩት፤ ከሁለቱ ጋር እስከ ዛሬ እንጠያየቃለን። ዛሬ ልጆቻችን እርስ በርስ በሚፈራሩበት ጊዜ ያንን ክፍል በ3,000 ብር መለወጥ ለእኔ የማይታሰብ ነው።

ስለ ምግቡ ግን ተማሪዋ ያለችው ልክ ነው፤ ኮልፌ ያሉት እናትም። ‹‹ካፌ ወይስ ነን ካፌ›› የሚለው ምርጫ በየሴሚስተሩ ክፍት ይሁን። ኩሽናው ጤፉን በስንት እንደገዛ፣ ምስሩን በስንት እንደገዛ በካፌው በር ላይ ይለጠፍ። ተማሪው ዋጋውን ካላየ ስለ ምን ብሎ ይጠይቃል? መምህራንም በሳምንት አንድ ቀን ከተማሪው ጋር ተሰልፈው ይብሉ። እኔ በማስተምርበት ጊዜ ይህን ያደረግሁት ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው፤ ዛሬ ይቆጨኛል።

የሐዋሳው አባት፦

መምህር፣ ዋጋው ይለጠፍ ያሉትን በሁለት እጄ እቀበላለሁ። በምርጫው ግን፣ በአክብሮት፣ አልስማማም። የኩሽናው ግዥ በጨረታ ነው፤ ስንት ሰው እንደሚበላ ሳይታወቅ ጨረታ አይወጣም። በየሴሚስተሩ ግማሹ ቢወጣ ግማሹ ቢገባ የሚጎዳው ያው የቀረው ነው። ደግሞ በእጅ የተሰጠው ገንዘብ ሁሉ ሆድ ውስጥ አይገባም። ወደ ቤቱ የሚልከው ልጅ አለ፤ አውቃለሁ፣ የመጀመሪያው ልጄ ጓደኛ እንደዚያ ያደርግ ነበር። የራሱን እራት ለታናናሾቹ ደብተር ይልካል። ለዚህ ልጅ ገንዘብ መስጠት ማስራብ ነው፤ ትሪ ሲሰጠው ብቻ ነው የሚበላው።

የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፣ ሴት፦

አባቴ፣ እንደዚያ የሚያደርግ ልጅ እኔም አውቃለሁ። ይህንን ሳላስብበት ነው ‹‹ሳህኑን ለእኛ ተዉልን›› ያልኩት። አሁንም ምርጫው ይኑር እላለሁ፤ ካፌው ግን መዘጋት የለበትም፣ ለአንድም ቀን።

የደሴዋ እናት፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁላችሁንም ለባለቤቴ አነበብኩለት፤ የሽንኩርቱ ዘንቢል ላይ ስደርስ ‹‹በቃ፣ ወንድሜን እኔ አናግረዋለሁ›› አለኝ።

የእኔ ውሳኔ ይህ ነው፦ ዶርም ትገባለች። የመጀመሪያውን ሴሚስተር ካፌ ትበላለች፤ የ5,000 ብሩን ግማሽ እልክላታለሁ፣ ግማሹን በስሟ አስቀምጥላታለሁ። ሆዷ እምቢ ካለ ለኮንትራት ይሆናታል። እሑድ ምሳ ኮተቤ ናት። ዩኒቨርሲቲ ከኩሽና ይውጣ ለሚሉት ደግሞ መልሴ ‹‹አይውጣ›› ነው፤ እኔ ለልጄ የማስቀምጠው ግማሽ አለኝ፣ የሌላቸውን እናቶች አውቃለሁ። ዋጋው ግን ይለጠፍ።

ገብሱን ዛሬ ቆልቻለሁ፣ ነገ ይፈጫል። ልጄ፣ አንቺ ታውቂያለሽና ንገሪኝ፤ በሶው ለአንድ ሴሚስተር ስንት ኪሎ ይበቃታል?

የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፣ ሴት፦

ለእሷ ብቻ ቢሆን አምስት ኪሎ ይበቃል። ግን ብቻዋን አትበላውም፤ ስምንት ያድርጉት። ክዳኑ አጥብቆ የሚዘጋ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ይሁን፣ ዶርም ውስጥ አይጥ አለ። ለሎከሯ ቁልፍ ሁለት ይግዙላት፤ የመጀመሪያው ሳምንት አንዱ መጥፋቱ አይቀርም።